ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፦ በሕዝብ ድምፅ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት

ውድ እህቶች፣ በማኅበራችን የሥራ አመራር ምርጫ በደረሰ ቁጥር የሚታይ አንድ ነገር አለ። ጥቆማ ሲጠየቅ ቤቱ ጭጭ ይላል። በርበሬ ተራ ከነጋዴ ጋር ተከራክራ ዋጋ የምታስቀንሰው እህታችን፣ የእድሩን ገንዘብ ሳንቲም ሳይጎድል ስትሰበስብ የኖረችው እናታችን፣ ስማቸው ሲጠራ አንገታቸውን ይደፋሉ። ልጅ አለብኝ፣ ትምህርቴ አነስተኛ ነው፣ ባለቤቴ ደስ አይለውም ይባላል። በመጨረሻ ያው አምና የሠሩት ይቀጥላሉ። በዚህ እትም የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ሕይወት ለመጻፍ የተነሣነው ለዚህ ነው። ብዙዎቻችን ስማቸውን ሰምተናል፤ ምን እንደሠሩ ግን ለልጆቻችን ለመንገር የምንችል ጥቂት ነን።

ወይዘሮ ስንዱ የተወለዱት በ1908 ዓ.ም. በመናገሻ አዲስ ዓለም ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ይባላሉ። በኢየሩሳሌምና በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፣ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላከው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን አንዱ የነበሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ አባት ስለነበራቸው ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን ስንዱ ገና በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። እዚያም ሥነ ጽሑፍ ተምረው በሃያዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ የትልቅ ሰው ልጅ ስለሆኑ ነው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዕድሉን ያገኙት በአባታቸው ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጆች ብዙ ነበሩ። ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳው ግን የጥቂቶቹ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የተማሩትን ይዘው የሠሩት ሥራ ነው።

ከተመለሱ ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ወረራ መጣ። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲወጡና አዲስ አበባ ስትያዝ፣ ወይዘሮ ስንዱ ወደ ምዕራብ ሄዱ። በነቀምቴና በጎሬ በኩል የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና ሌሎች የተማሩ ኢትዮጵያውያን ጥቁር አንበሳ የሚባል የአርበኞች ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ እሳቸውም ከዚያ ገቡ፤ ቁስለኛም አስታመሙ። በ1929 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሲሰጡ የጥቁር አንበሳም ነገር አበቃ። ወይዘሮ ስንዱም ተማረኩ።

ከሁለት ወር በኋላ የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአዲስ አበባ የደረሰውን እልቂት እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል። በሕይወት ከተረፉት ታዋቂ ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ወይዘሮ ስንዱ በሰርዴኛ አጠገብ ባለችው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። በዚያው በወረራው ዘመን ነው ጣሊያኖች የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስተው ወደዚህ ወደ እኛ ሰፈር ያዛወሩት። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ከእነሱ የቀረ ነው። ስለዚህ እኛ ዛሬ ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ወርደን የምንሸጥበትና የምንገዛበት ገበያ የተሠራው፣ እሳቸውን በመሰሉ ሰዎች ላይ መከራ በወረደበት ዘመን ነው።

ከነጻነት በኋላ ወይዘሮ ስንዱ የመረጡት ማስተማርን ነው። መጀመሪያ በደሴ በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ሠሩ። ቀጥሎ ወደ አዲስ አበባ መጥተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትን መሩ። ያንን ትምህርት ቤት በዳይሬክተርነት የመሩ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት ናቸው። ለተማሪዎቻቸው ቴአትር እየጻፉ መድረክ ላይ ያወጧቸው ነበር። ሴት ልጅ በሰው ፊት ቆማ ጮክ ብላ መናገር በማትደፈርበት ጊዜ ያ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። የልቤ መጽሐፍ የተባለ ሥራቸውም በ1942 ዓ.ም. ታትሟል። ከመነን ተምረው የወጡ ልጃገረዶች ነርስ፣ አስተማሪና የቢሮ ሠራተኛ ሆነው በየቦታው ሲሰማሩ የዳይሬክተሯም ስም አብሮ ይታወቅ ጀመር።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። አገራችን ፓርላማ ያገኘችው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ያ ፓርላማ ግን የሕዝብ ድምፅ አልነበረበትም፤ የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሡ፣ የሕግ መምሪያውን ደግሞ መሳፍንቱና ባላባቱ ይመርጡ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣና ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት እንዲመርጥ ፈቀደ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተደረገ። ወንበሩ 210 ነበር። ፓርቲ የሚባል ነገር ስላልነበረ እያንዳንዱ ዕጩ የቀረበው በራሱ ስም ብቻ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ተወዳድረው አሸነፉ፤ በዚህም በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት ሆኑ። በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሱ።

በዚያ ምርጫ ሁሉም ሰው መወዳደር አይችልም ነበር። ዕጩ ለመሆን 25 ዓመት የሞላው፣ በምርጫው ወረዳ የሚኖርና እዚያው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ስለዚህ ጉልት ተቀምጣ ቃሪያና ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ድምፅ ለመስጠት ትችላለች፤ ለመመረጥ ግን አትችልም ነበር። ርስት በባል ወይም በአባት ስም በሚያዝበት አገር ይህ ሕግ ስንቷን ሴት ከበር እንደመለሰ መገመት ይቻላል። ዛሬ ይህ የንብረት ግዴታ የለም። ወይዘሮ ስንዱ ካለፉበት በር ላይ የነበረው አንደኛው ቁልፍ ለእኛ ተከፍቶልናል።

ምክር ቤት ገብተውስ ምን ሆነ? በዙሪያቸው የተቀመጡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ነበሩ። የሕግ መወሰኛው አባላት አሁንም በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች የተስማሙበትም ሕግ ቢሆን ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አይጸናም። እሳቸው ተመራጭ ሳሉ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ ለአገሪቱ ብዙ ጥቅም ያመጣ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው፣ ሚስትም ልትታዘዘው ይገባል የሚል ነበረበት። ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ፣ ወንድ ግን በ18 ዓመቱ እንዲያገባ ይፈቅድ ነበር። ሕጉ በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ ጸደቀ።

ይህን የምንጽፈው የወይዘሮ ስንዱን ክብር ለመቀነስ አይደለም። አንዲት ሴት የቱን ያህል ብትማር፣ የቱን ያህል ብትደፍር፣ በብዙ ወንዶች መካከል ብቻዋን ስትቀመጥ የምትችለው ነገር ልክ አለው ለማለት ነው። ድምፅ ሲቆጠር የእሷ ያው አንድ ነው። ያ የባል አለቅነት ከሕጉ የወጣው በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ነው፤ የጋብቻ ዕድሜም ለሁለቱም 18 ሆነ። በመካከሉ 40 ዓመት አልፏል። ያን ጊዜ ሕጉን ያስለወጠው የአንድ ሰው ብርታት አልነበረም፤ የሕግ ባለሙያ ሴቶችና የሴቶች ማኅበራት ተባብረው ጮኸው፣ አጥንተው፣ ደጅ ጠንተው ነው። ከእኛ መካከል ከዚያ ወዲህ ቤትና ንብረት ተካፍለው መብታቸውን ያስከበሩ እህቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ወይዘሮ ስንዱ ከምክር ቤቱ ሥራ በኋላ በምዕራብ ጀርመን በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግለዋል። ረጅም ዕድሜ ኖረው ሚያዝያ 12 ቀን 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። የባል አለቅነት ከሕጉ ሲወጣም ለማየት በቅተዋል።

እህቶች፣ ከዚህ ሕይወት ለማኅበራችን ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛው፣ ወይዘሮ ስንዱን ያስመረጣቸው የአንድ ቀን ንግግር አይደለም፤ ቁስለኛ ሲያስታምሙ፣ ልጆች ሲያስተምሩ ሰው አይቷቸዋል። እኛም መካከል በሐዘን ቤት ስትሮጥ፣ የእቁብ ዳኛ ሆና ሳታዳላ ስታከፋፍል ያየናት ሴት ሞልታለች። ሥራዋ ቀድሞ መስክሮላታል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ አንዲትን ሴት ብቻዋን ገፍተን ወንበር ላይ አስቀምጠን ወደ ቤታችን መሄድ አይገባንም። አንዷ ስትመረጥ ልጇን የምትይዝላት፣ ጉልቷን የምትጠብቅላት፣ ስብሰባ አብራት የምትገባ ያስፈልጋታል።

ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ እያንዳንዱ ቡድን የአንድ ሰው ሳይሆን የሦስት እህቶችን ስም ተነጋግሮ ይዞ እንዲመጣ አደራ እንላለን። የተጠቆመችው እህት አልችልም ካለች፣ ምን ብናግዛት እንደምትችል እዚያው እንጠይቃት። የወረዳና የክፍለ ከተማ ምክር ቤት ምርጫ ሲመጣም እንደዚሁ እናድርግ። በስብሰባው ዕለት ሴት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እናቶቻቸው እጃቸውን አውጥተው ሲመርጡና ሲመረጡ ይዩ።