የጀመሩትን ኮሌጅ ሳያዩ ያረፉት ዶክተር ቤኔት

ዓለማያ የተማሩ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። የትምህርት ቤታቸው ነገር ሲነሳ ኦክላሆማን ሳያነሱ አይቀሩም። ኦክላሆማን ወደ ዓለማያ ያመጡትን ሰው ግን በስም የሚያውቋቸው ጥቂቶች ናቸው። በውጭ ዕርዳታ በሚካሄዱ የትምህርት ፕሮጀክቶች ለዓመታት ስለሠራሁ፣ የእኚህ ሰው ሕይወት ሁልጊዜ የሚከነክነኝን አንድ ጥያቄ ይቀሰቅስብኛል፤ የውጭው ባለሙያ ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ እዚህ ምን ይቀራል?

ሄንሪ ጋርላንድ ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1886 በአሜሪካ አርካንሶ ግዛት ተወለዱ። በ1907 ኮሌጅ ጨርሰው ወደ ኦክላሆማ ተሻገሩ። ኦክላሆማ ራሷ የአሜሪካ ግዛት ሆና የታወቀችው በዚያው ዓመት ነበርና፣ ወጣቱ መምህር የደረሱት ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም ገና በሚቋቋምበት አገር ነው። ሁጎ በምትባል ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ ሆኑ፤ በ1919 የመምህራን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት፣ በ1928 ደግሞ ስቲልዎተር የሚገኘው የኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። በመሐሉ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተዋል።

ይህ ዓይነቱ ኮሌጅ በአሜሪካ የ1862 ሕግ የወለደው ነው። በጊዜ ብዛት ሦስት ሥራዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባሰበ፤ ማስተማር፣ መመራመርና የምርምሩን ውጤት ገበሬው ማሳ ድረስ ማድረስ። ቤኔት ኮሌጁን የመሩት ድርቅና የአቧራ ማዕበል የኦክላሆማን ገበሬ ከቀዬው ባፈናቀሉባቸው በ1930ዎቹ ጭምር ስለነበር፣ የእርሻ ትምህርት ለእሳቸው የወረቀት ጉዳይ አልነበረም።

ቤኔት ወደ አገራችን የመጡት በ1942 ዓ.ም. ነው። ጊዜውን ማስታወስ ያስፈልጋል። የፋሽስት ወረራ የተማረውን ትውልድ ፈጅቶ ነበር፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ገና በመቋቋም ላይ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ የእርሻ ኮሌጅ ፈለጉ፤ ቤኔትም አገሩን ተዘዋውረው አዩ፣ ሐሳባቸውን አቀረቡ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን ፖይንት ፎር እየተባለ የሚታወቀውን የቴክኒክ ዕርዳታ ፕሮግራም በበላይነት እንዲመሩ ሾሟቸው። አባቶቻችን የፖይንት ፎርን ስም በደንብ ያውቁታል። የፕሮግራሙ ዋነኛ ትኩረት ከገንዘብ ይልቅ ዕውቀት ማካፈል ላይ ነበር።

ቤኔት በዚህ ኃላፊነት ላይ የቆዩት አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. በመካከለኛው ምሥራቅ ያሉ የፕሮግራሙን ሥራዎች ሲጎበኙ የተሳፈሩበት አውሮፕላን ቴህራን አጠገብ ተከሰከሰ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ቬራና አብረዋቸው ከነበሩት ተሳፋሪዎች ጋር ሕይወታቸው አለፈ። የኢትዮጵያው ውል ገና አልተፈረመም ነበር።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ለኔ ቁም ነገር የሚሆነው። ብዙ ፕሮጀክት አንድ ቆራጥ ሰው ሲለየው አብሮ ይሞታል፤ ይኼኛው ግን አልሞተም። ውሉ ከአምስት ወር በኋላ፣ በግንቦት 1944 ዓ.ም. ተፈረመ። ጉዳዩ የአንድ ሰው ውጥን መሆኑ ቀርቶ የሁለት መንግሥታትና የአንድ ኮሌጅ ግዴታ ሆነ። በ1945 ዓ.ም. ጅማ ላይ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የኮሌጁም ትምህርት በዚያው ተጀመረ። በ1949 ዓ.ም. ኮሌጁ ወደ ዓለማያ ተዛወረ፤ በጥር 1950 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መርቀው ከፈቱት። እሳቸውም ቀደም ብለው፣ በሰኔ 1946 ዓ.ም.፣ ስቲልዎተር ድረስ ሄደው የቤኔትን ኮሌጅ ጎብኝተው ነበር።

ትልቁ ሥራ ግን ሕንፃው አይመስለኝም። ከዓለማያ የተመረቁ ወጣቶች ለከፍተኛ ትምህርት ስቲልዎተር እየተላኩ ተመልሰው የአሜሪካውያኑን ወንበር ያዙ። የኦክላሆማ ውል በ1960 ዓ.ም. ሲያበቃ ኮሌጁ አልተዘጋም። አብዮቱን አልፎ በ1977 ዓ.ም. የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአገራችን የምርምር ጣቢያዎችና በእርሻ ሚኒስቴር የሠሩ እጅግ ብዙ ባለሙያዎች ከዚያ ግቢ ወጥተዋል።

ይህን ስል ሁሉም ነገር ያማረ ነበር ለማለት አይደለም። ዕርዳታው የቀዝቃዛው ጦርነት ልጅ ነበር፤ አሜሪካ ወዳጅ ትፈልግ ነበር። ለሰፊ የኦክላሆማ ሜዳ የተቀረጸ ሥርዓት በበሬ ለሚያርስ፣ መሬቱም የራሱ ላልሆነ ጭሰኛ ልኩ አልነበረም። ኮሌጁ ምሁር አፈራ፤ ገበሬው ግን ከረሃብ አልዳነም። የመሬት ሥሪትን ጉዳይ የትኛውም የውጭ ፕሮፌሰር ሊፈታልን አይችልም ነበር፤ የኛው ሥራ ነበር።

የፖይንት ፎርን ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የወረሰው ዩኤስኤአይዲ በ2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። በዚያ ሰሞን ብዙ ፕሮግራሞች በድንገት ሲቆሙ፣ በየቢሮው የቀረው ነገር እንዲታወቅ ግድ ሆነ። መኪናና ኮምፒዩተር የቀረበት አለ፤ ሥራውን የሚያስቀጥል የሠለጠነ ሰው፣ ደመወዙም በመንግሥት በጀት የተያዘ፣ የቀረበትም አለ። ልዩነቱ የተፈጠረው ገንዘቡ በቆመበት ቀን ሳይሆን ውሉ በተፈረመበት ቀን ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላል የአገራችን ሰው። ከሰው የተማሩት ግን የራስ ይሆናል። በየፕሮጀክቱ ሰነድ ላይ የምንፈርም ባለሙያዎች ከበጀቱ ድምር በፊት አንድ ነገር ብንጠይቅ መልካም ነው፤ የውጭውን ባለሙያ የሚተካው ኢትዮጵያዊ ማን ነው? የት ይማራል? ተመልሶስ በየትኛው የሥራ መደብ ላይ ይቀመጣል? ለእነዚህ መልስ ያለው ፕሮጀክት ጠንሳሹ በሞት ቢለየውም፣ ለጋሹ ቢሄድም ይቆማል። ዶክተር ቤኔት ያላዩት ዓለማያ ለዚህ ምስክር ነው።