የጄፍ ፖርካሮ ምትና ባለቤቶቹ

ጄፍ ፖርካሮ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ አገር በሃርትፎርድ ከተማ ከከበሮ መቺው ከጆ ፖርካሮ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች እየተቀጠረ ለሌሎች የሚመታ ባለሙያ ሆነ፤ ስቲሊ ዳን፣ ቦዝ ስካግስና ማይክል ጃክሰን ባሳተሟቸው ሸክላዎች ላይ የእጁ ሥራ ይገኛል።

ከሁሉ ይበልጥ ስሙን ያስጠራው ግን ከቶቶ የሙዚቃ ጓድ ጋር በ1982 ያወጣው «ሮዛና» ነው። በዚህ ዘፈን እያንዳንዱ ምት በሦስት እኩል ክፍሎች ይከፈላል። ቀኝ እጁ አንደኛውንና ሦስተኛውን ክፍል በሃይሃት ሲይዝ፣ ግራ እጁ መካከለኛውን በስኔር ላይ ጆሮ እምብዛም በማይለየው ልስላሴ ይሞላል፤ ከአራቱ ምቶች በሦስተኛው ላይ ግን ጠንክሮ ያሳርፋል።

ፖርካሮ ይህን ሥራ የብቻው ፈጠራ አድርጎ አላቀረበውም። የእጁን አመታት ከበርናርድ ፐርዲና ከጆን ቦነም፣ የእግሩን አረጋገጥ ከቦ ዲድሊ ምት እንደ ወሰደ በማስተማሪያ ፊልም ላይ እየመታ በግልጽ አስረድቷል። በ1992 በ38 ዓመቱ ዐረፈ። ሥራውን ክፍል በክፍል ፈትቶ ለየባለቤቱ መስጠቱ ክብሩን አልቀነሰበትም፤ ይልቁንም ከእርሱ በኋላ የመጡ ከበሮ መቺዎች ምቱን ከነምንጩ እንዲማሩት መንገድ ከፈተላቸው።