ሎርድ ሬይሊ

ሎርድ ሬይሊ በሚል ማዕረግ የታወቀው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ዊልያም ስትረት ኖቬምበር 12 ቀን 1842 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ በተባለው አውራጃ ተወለደ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) የባላባት ልጅ ቢሆንም ጤናው ደካማ ስለ ነበረ በልጅነቱ ትምህርቱን ደጋግሞ ለማቋረጥ ተገደደ። ይሁን እንጂ በ1861 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብ አጠና፤ በ1865 በተሰጠው የመጨረሻ ፈተናም ከጓደኞቹ ሁሉ አንደኛ ወጣ።

በ1871 ኤቭሊን ባልፎርን አገባ። በዓመቱ ግን ብርቱ የቁርጥማት ትኩሳት ያዘውና ለሕይወቱ አሠጋው። ስለዚህ ክረምቱን ሞቃት በሆነ አገር ለማሳለፍ ከባለቤቱ ጋር ወደ ግብጽ ሄዶ በናይል ወንዝ ላይ በጀልባ ተቀመጠ። ከጣና የሚነሣው ዓባይ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ግብጽ ስለሚወርድ፣ ጀልባይቱን ከተሸከመው ውሃ ከፊሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የፈለቀ ነበር። ሬይሊ ስለ ድምፅ ንድፈ ሐሳብ የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ የጀመረው በዚያ ጉዞ ላይ ነው። መጽሐፉ በ1877 እና በ1878 በሁለት ክፍል ታተመ።

በ1873 አባቱ ሲሞት ማዕረጉንና ርስቱን ወረሰ። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእርሻውን አስተዳደር ለወንድሙ ትቶ፣ በመኖሪያ ቤቱ ባቋቋመው ቤተ ሙከራ ቀላል በሆኑ መሣሪያዎች ምርምሩን ቀጠለ። ከ1879 እስከ 1884 ድረስም በካምብሪጅ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኖ አገለገለ።

በ1885 በጠጣር አካል ገጽ ላይ የሚጓዝ፣ ወደ ጥልቀቱ ሲወርድ ግን እየደከመ የሚሄድ ሞገድ መኖሩን በሒሳብ አስረዳ። ይህ ሞገድ በስሙ የሬይሊ ሞገድ ተባለ። የመሬት መንቀጥቀጥ በሚነሣበት ጊዜ መሬቱን እንደ ባሕር ከሚያናውጡት ሞገዶች አንዱ ይኸው ነው። በ1961 በካራቆሬ አካባቢ ደርሶ የማጀቴን ከተማ ያፈረሰውን አደጋ ለሚያስታውስ ሰው የዚህ ጥናት ጠቃሚነት ግልጽ ነው።

በ1887 ደግሞ በእኩል ርቀት እየተደጋገመ በተደራጀ አካል ውስጥ ሞገድ እንዴት እንደሚያልፍ መረመረ። እያንዳንዱ ድርድር ከሞገዱ ጥቂት ጥቂቱን ወደ ኋላ ይመልሳል። በድርድሮቹ መካከል ያለው ርቀት የሞገዱን ርዝመት ግማሽ ሲያህል የተመለሱት ክፍሎች ተደጋግፈው ይበረታሉ፤ ሞገዱም ወደ ፊት መቀጠል ይሳነዋል። ወንፊት ደቃቁን አሳልፎ ሻካራውን እንደሚያስቀር ሁሉ፣ እንዲህ ያለው አካል አንዳንዱን ንዝረት ያሳልፋል፣ ሌላውን ይከለክላል።

ዛሬ ፎኖኒክ ሜታማቴሪያል የሚባሉት ሰው ሠራሽ ቁሶች መሠረታቸው ይህ ሐሳብ ነው። ችግሩ ዝግተኛ ንዝረት ረጅም ሞገድ ያለው መሆኑ ነበር። በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በአየር ውስጥ 7 ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው፣ እርሱን ለማገድ እጅግ ሰፊ ድርድር ያስፈልጋል። በ2000 የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች በለስላሳ ጎማ የተሸፈኑ የእርሳስ ኳሶችን በጠንካራ ሙጫ ውስጥ ደረደሩ። ኳሶቹ ራሳቸው እየተርገበገቡ፣ ከመካከላቸው ካለው ርቀት ብዙ እጥፍ የሚረዝመውን ሞገድ አገዱ። በ2012 በፈረንሳይ አገር መሬት ውስጥ በረድፍ የተቆፈሩ ጉድጓዶች በገጸ ምድር የሚጓዝ ንዝረትን ሲቀንሱ ታይቷል። ቤቶችን ከመሬት መንቀጥቀጥ ለመጠበቅ ግን ገና ብዙ ምርምር ይቀራል።

ሬይሊ ትንሽ ልዩነትን የማይንቅ ሰው ነበር። ከአየር የተገኘው ናይትሮጅን ከአሞኒያ ከተገኘው ከ200 እጅ 1 እጅ ያህል እንደሚከብድ ባየ ጊዜ ምክንያቱን ሳያገኝ አላረፈም። በመጨረሻም በ1894 ከዊልያም ራምዚ ጋር አርገን የተባለውን ጋዝ አገኘ። ለዚህም በ1904 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ገንዘቡን ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አበረከተ። ጁን 30 ቀን 1919 በ76 ዓመቱ አረፈ።

የሰውነት ድካም የአእምሮን ሥራ እንደማያግድ፣ በትዕግሥት የተዘራ ዕውቀትም ከዘሪው በኋላ እንደሚያፈራ የሬይሊ ሕይወት ያስተምረናል።

ጥያቄዎች
1. ሬይሊ ወደ ግብጽ የሄደው ለምን ነበር?
2. የወንፊቱ ምሳሌ ምንን ለማስረዳት ቀረበ?
3. ዝግተኛ ንዝረትን ማገድ አስቸጋሪ የሆነው ለምንድን ነው?