ጆን ኤል. ሊል

ጆን ኤል. ሊል (ሜይ 5 ቀን 1858 – ማርች 13 ቀን 1914) አሜሪካዊ ሐኪምና የውሃ ንጽሕና ባለሙያ ነበር። በ1908 የጀርሲ ሲቲ ከተማ የመጠጥ ውሃ በክሎሪን እንዲታከም በማድረጉ ይታወቃል። በአሜሪካ የአንድ ከተማ ውሃ ያለማቋረጥ በክሎሪን ሲታከም ይህ የመጀመሪያው ነበር። የመዋኛ ገንዳዎች ውሃ በክሎሪን መታከም የጀመረውም ከዚህ ሥራ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሊል የተወለደው በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት አንዲስ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ጆን ሮዝ ሊል ሐኪም ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከ144ኛው የኒው ዮርክ በጎ ፈቃደኞች ክፍለ ጦር ጋር ዘምቶ በደቡብ ካሮላይና የቻርልስተን ከተማ ከበባ ላይ ተሰለፈ። በዚያ ዘመን በጦር ሠፈር ከጥይት ይልቅ በሽታ ብዙ ወታደር ይገድል ነበር። አባትዬውም በተበከለ ውሃ ሳይሆን አይቀርም በተቅማጥ በሽታ ተይዞ ተመለሰ። በሽታው ሳይለቀው ለዓመታት ሲያሠቃየው ቆይቶ በ1882 ሞተ። ልጁ ያን ጊዜ የሕክምና ተማሪ ነበር።

ቤተሰቡ ቀደም ብሎ በ1867 በኒው ጀርሲ ወደምትገኘው ፓተርሰን ከተማ ተዛውሯል። ፓተርሰን በፓሴይክ ወንዝ ፏፏቴ ዙሪያ የተቆረቆረች፣ በሐር ፋብሪካዎቿ የታወቀች የሠራተኞች ከተማ ናት። ሊል በ1880 ከፕሪንስተን፣ በ1884 ደግሞ ከኮሎምቢያ የሐኪሞችና የቀዶ ሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ። ከዚያም ወደ ፓተርሰን ተመልሶ ሥራ ጀመረ። በ1888 ኤሚ ኤል. አሮውስሚዝን አገባ፤ አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ።

የከተማ ጤና ሥራ

ሊል ብዙም ሳይቆይ የከተማው ሐኪም፣ ቀጥሎም የጤና ኃላፊ ሆነ። ዘመኑ የሉዊ ፓስተርና የሮበርት ኮህ ግኝቶች ገና አዲስ የነበሩበት ነው። ብዙ ሐኪሞች በሽታ ከመጥፎ ሽታና ከብክል አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ሊል ግን የባክቴሪያን ትምህርት ተቀብሎ በሥራ ላይ ካዋሉት ወጣት ሐኪሞች አንዱ ነው። የተላላፊ በሽታ ሕሙማን ተለይተው የሚተኙበት ሆስፒታል እንዲሠራ አደረገ፤ የታይፎይድ (የአንጀት ተስቦ) ወረርሽኝ ምንጭን እየተከታተለ አጠና፤ የፍሳሽ ማስወገጃ መስመሮችንም ይቆጣጠር ነበር።

ከዕለት ሥራዎቹ አንዱ በሽተኛ የወጣበትን ቤት ከጀርም ማጽዳት ነበር። ለዚህ የሚጠቀምበት ነጭ ዱቄት ክሎራይድ ኦፍ ላይም ይባላል፤ የሚሠራውም ክሎሪን ጋዝ በታጠበ ኖራ ላይ እንዲያልፍ በማድረግ ነው። በእኛ አገር ቤቶች ልብስ ለማንጣት የምንጠቀምበት በረኪና ቅርብ ዘመዱ ነው። ልዩነቱ በረኪና ክሎሪኑን ከሶዲየም ጋር፣ ዱቄቱ ደግሞ ከካልሲየም ጋር የያዙ መሆናቸው ነው። ሊል በኋላ ለፍርድ ቤት እንዳስረዳው፣ ይህ ዱቄት በውሃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችን ምን ያህል እንደሚገድል በፓተርሰን ሳለ ከ1898 ጀምሮ ሞክሯል።

በ1899 የከተማ ሥራውን ለቆ የኢስት ጀርሲ የውሃ ኩባንያ የጤና አማካሪ ሆነ። የግል ኩባንያዎች ውሃ ለከተሞች የሚሸጡበት ዘመን ስለነበር የሊል ታሪክ ከዚህ በኋላ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የገንዘብና የውል ታሪክም ነው።

የጀርሲ ሲቲ ክርክር

ጀርሲ ሲቲ ከኒው ዮርክ በሃድሰን ወንዝ ማዶ የምትገኝ፣ በዚያን ጊዜ ከ200,000 በላይ ሕዝብ የነበራት ከተማ ናት። የቀድሞ የውሃ ምንጯ የታችኛው ፓሴይክ ወንዝ በፍሳሽ ስለተበላሸ በታይፎይድ የሚሞተው ሰው ብዙ ነበር። ከተማዋ በ1899 አዲስ የውሃ አቅርቦት እንዲሠራላት ውል ተፈራረመች። በሮካዌይ ወንዝ ላይ ቡንተን በተባለ ስፍራ ግድብ ተሠርቶ ውሃው በረጅም ቧንቧ ወደ ከተማዋ በ1904 መፍሰስ ጀመረ። የሥራው ዋጋ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ክፍያው ሲደርስ ከተማዋ አልከፍልም አለች። ውሉ ንጹሕና ለጤና ተስማሚ ውሃ ይቀርባል ይላል፤ ግድቡ ግን ማጣሪያ አልነበረውም፤ ከግድቡ በላይ ያሉ እንደ ዶቨር ያሉ ከተሞች ፍሳሻቸውን ወደ ወንዙ ይለቁ ነበር። ጉዳዩ ወደ ኒው ጀርሲ የቻንስሪ ፍርድ ቤት ቀረበ።

በእርግጥም ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ነበር። ውሃ በትልቅ ማጠራቀሚያ ለሳምንታት ሲቆም ደለሉ ይዘቅጣል፤ አብዛኛው በሽታ አምጪ ባክቴሪያም ይሞታል። ችግሩ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ከባድ ዝናብ ሲጥል ነው። ያን ጊዜ ጎርፉ የወንዙን ቆሻሻ በቂ ጊዜ ሳይቆም በቀጥታ ወደ ቧንቧው አፍ ይገፋዋል። ዳኛው ፍሬድሪክ ስቲቨንስ በ1908 የሰጡት ውሳኔ በዚህ ነጥብ ላይ ያረፈ ነው። ኩባንያው ለእነዚያ ጥቂት ቀናት መፍትሔ ማምጣት አለበት ተባለ። የሚጠበቀው መፍትሔ ለላይኞቹ ከተሞች የፍሳሽ መስመር መዘርጋት ነበር። ሆኖም ትእዛዙ ኩባንያው ሌላ ዘዴ ካለው እንዲያቀርብ በሩን ክፍት ተወ።

ሊል በዚህ ክፍተት ገባ። የፍሳሽ መስመር ቢዘረጋም ጎርፍ ከሜዳና ከመንገድ ጠርጎ የሚያመጣውን ብክለት አያቆምም የሚል እምነት ነበረው። ስለዚህ በየቀኑ በሚፈሰው ውሃ ላይ በጣም ጥቂት ክሎሪን ለመጨመር ወሰነ። መሣሪያውን እንዲነድፍለት የዘመኑን ታዋቂ የውሃ መሐንዲስ ጆርጅ ዋረን ፉለርን ጠራ። ፉለር ከዚያ በፊት በሊትል ፎልስ ለኢስት ጀርሲ ኩባንያ ዘመናዊ የአሸዋ ማጣሪያ ሠርቶ ነበር። ጣቢያው በ99 ቀን ተሠርቶ በሴፕቴምበር 26 ቀን 1908 ሥራ ጀመረ። ዱቄቱ በጋኖች ውስጥ በውሃ ይሟሟል፤ ሙሙቱ መጠኑ በጥንቃቄ በተለካ ቀዳዳ አልፎ ወደ ዋናው ውሃ ይንጠባጠባል። በቀን 40 ሚሊዮን ጋሎን ገደማ፣ ማለትም 150 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውሃ ይታከም ነበር። የክሎሪኑ መጠን በአንድ ሊትር ግማሽ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሊል ይህን ሲያደርግ አስቀድሞ ፍርድ ቤቱንም ሆነ ሕዝቡን አለማስፈቀዱ ነው። ከ200,000 በላይ ሰዎች የሚጠጡት ውሃ ላይ ኬሚካል ተጨመረ፤ እነሱ ግን አልተጠየቁም። በዛሬ የምርምር ሥነ ምግባር ቢመዘን ከባድ ጥያቄ ያስነሳል። በዚያ ላይ ሊል የኩባንያው ተቀጣሪ ነበር፤ ክሎሪን ደግሞ ከፍሳሽ መስመር እጅግ ይረክሳል። በሌላ በኩል ታይፎይድ በየዓመቱ ሰው መግደሉን አላቋረጠም ነበር።

ከተማዋ አዲሱን ዘዴ አልቀበልም ስላለች ሁለተኛ ክርክር ተከፈተ። ለከተማዋ ከመሰከሩት መካከል የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ዊልያም ሴጅዊክ፣ ጆርጅ ዊፕልና ኧርል ፌልፕስ ይገኙበታል። እነዚህ በሙያው ስመ ጥር ሰዎች ነበሩ። በምግብና በመጠጥ ውስጥ ኬሚካል መጨመር በዚያን ጊዜ ከማጭበርበር ጋር የተያያዘ ነገር ስለነበር ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልመጣም። ሊል በምስክሮች ወንበር ለረጅም ጊዜ ተጠየቀ። በክሎሪን የታከመውን ውሃ አንተ ራስህ ትጠጣለህ ወይ፣ ለሚስትህና ለቤተሰብህስ ትሰጣለህ ወይ ሲባል ያለ ማመንታት አዎ ብሎ መለሰ። ባክቴሪያዎቹ በጣቢያው ከመታከማቸው በፊትና በኋላ ተቆጥረው ለችሎቱ የቀረቡት ውጤቶችም አቋሙን አጠናከሩ።

ጉዳዩን በልዩ ሹመት የመረመሩት የቀድሞው የኒው ጀርሲ ዋና ዳኛ ዊልያም ማጊ በሜይ 1910 ዘዴው ይሠራል፣ በውሃውም ላይ ጉዳት አያስከትልም ሲሉ ደመደሙ። ሊል ከፉለርና ከጆርጅ ጆንሰን ጋር ሥራውን በ1909 ለአሜሪካ የውሃ ሥራዎች ማኅበር ጉባኤ አቅርቦ ስለነበር መሐንዲሶች ዝርዝሩን ያውቁት ነበር። ከፍርዱ በኋላ ሌሎች ከተሞች ተራ በተራ ተከተሉ።

ክሎሪንን በውሃ ላይ የሞከረ የመጀመሪያው ሰው ሊል አይደለም። በእንግሊዝ በ1897 በሜድስቶን፣ በ1905 ደግሞ በሊንከን ከተማ አሌክሳንደር ሂውስተን ታይፎይድን ለማቆም ተጠቅመውበታል፤ በቤልጅግም ሚደልኬርክ በ1902 ሥራ ላይ ውሏል። የሊል ድርሻ ዘዴውን ወረርሽኝ ሲመጣ ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ከመሆን አውጥቶ የትልቅ ከተማ የዕለት ሥራ ማድረጉና በፍርድ ቤት ማስመስከሩ ነው።

በአሜሪካ የታይፎይድ ሞት በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት እጅግ ቀነሰ። ከዚህ ውስጥ የክሎሪን ድርሻ ምን ያህል፣ የማጣሪያ፣ የወተት ማፍላትና የፍሳሽ ሥራ ድርሻስ ምን ያህል ነው የሚለው ላይ ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ።

ከቧንቧ ወደ መዋኛ ገንዳ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቤት ውስጥ መዋኛ ገንዳ ተሞልቶ ለቀናት ይዋኝበትና ሲደፈርስ ይደፋ ነበር። በ1910 ገደማ በሮድ አይላንድ የሚገኘው ብራውን ዩኒቨርሲቲ በኮልጌት ሆይት ገንዳው ላይ ይህንኑ የካልሲየም ዱቄት መጠቀም ጀመረ። ገንዳ ግን ከቧንቧ ውሃ ይከብዳል። ውሃው ያው ነው፤ እየተሽከረከረ ይመለሳል፤ ዋናተኞችም ላብ፣ የቆዳ ቅባትና ሽንት ይጨምሩበታል።

ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሆናል፤ ጀርም የሚገድለው በዋናነት ይህ ነው። የውሃው ፒኤች ከፍ ሲል አሲዱ ወደ ደካማው ቅርጹ ስለሚለወጥ የገንዳ ሠራተኞች ፒኤቹን ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው ውስጥ ይጠብቃሉ። በገንዳ አካባቢ የሚሸተውና ዓይን የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ የክሎሪን ብዛት ተብሎ ይታሰባል። በአብዛኛው ግን ክሎሪን ከሽንትና ከላብ ጋር ተዋህዶ የፈጠረው ክሎራሚን ነው። እንዲህ ያለ ገንዳ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ክሎሪንና ንጹሕ አየር ነው፤ ዋናተኞች አስቀድመው ገላቸውን ቢታጠቡ ደግሞ ችግሩ ከምንጩ ይቀንሳል።

ሊል የማያውቀው ጠላትም አለ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተውሳክ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው በተለመደው የገንዳ ክሎሪን ውስጥ ከሳምንት በላይ በሕይወት ይቆያል። በ1993 በሚልዋኪ ከተማ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ገብቶ 400,000 ገደማ ሰዎችን አሳሟል። ስለዚህ ዘመናዊ ገንዳዎች ውሃውን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ፊት ያሳልፉታል፤ ብርሃኑ የተውሳኩን ዘረ መል ስለሚጎዳ መራባት አይችልም። ሌሎች በ1906 በፈረንሳይ ኒስ ከተማ ለመጠጥ ውሃ ሥራ ላይ የዋለውን ኦዞን ይጠቀማሉ። አልትራቫዮሌትም ሆነ ኦዞን የሚሠሩት ውሃው በመሣሪያው ሲያልፍ ብቻ ነው። ገንዳው ውስጥ ከአንዱ ዋናተኛ ወደ ሌላው የሚሄደውን ጀርም የሚጠብቅ ነገር አይተዉም፤ በመሆኑም ጥቂት ክሎሪን አብሮ መኖሩ ግድ ነው። ጨው ከሚጨመርበት ገንዳም ክሎሪን አይጠፋም፤ በኤሌክትሪክ ከጨው ውስጥ እዚያው ይመረታል።

የሁለተኛው ክርክር ጥርጣሬም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በ1974 ሆላንዳዊው ኬሚስት ዮሐንስ ሮክ ክሎሪን በውሃ ውስጥ ካለ የዕፅዋት ብስባሽ ጋር ሲገናኝ ክሎሮፎርምና መሰሎቹን እንደሚፈጥር አሳየ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ለእነዚህ ውሕዶች የመጨረሻ ወሰን አውጥተዋል። ክሎሪኑ ግን አልቀረም። በኢትዮጵያም ውሃ አጋር በሚል ስም የሚሸጠው የቤት ውስጥ የውሃ ማከሚያ ፈሳሽ የክሎሪን ውሕድ ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ሊል እስከ ዕለተ ሞቱ በውሃ ሥራ ላይ ቆየ። በማርች 13 ቀን 1914 በ55 ዓመቱ ሞቶ በፓተርሰን ሴዳር ሎን መቃብር ተቀበረ። የአሜሪካ መንግሥት ስለ ባክቴሪያ የመጀመሪያውን የመጠጥ ውሃ ደረጃ ያወጣው በዚያው ዓመት ነው። ጆርጅ ጆንሰን ከሊል ሞት በኋላ የቡንተንን ሥራ በአብዛኛው የራሱ አድርጎ ስለጻፈ የሊል ስም ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆየ። የክርክሩን መዛግብት ያገላበጠው የማይክል ማጉዋየር መጽሐፍ በ2013 ሲወጣ ስሙ እንደገና ታወቀ። በዚያው ዓመት፣ በልደቱ ቀን፣ በመቃብሩ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመ።