አስናቀች ወርቁና ዋስ ያጣችው ልጃችን



ባለፈው የቁጠባ ስብሰባችን አንዲት ወጣት አባላችን በሠርግና በበዓል ለመጫወት የኪቦርድ መግዣ ብድር ጠይቃ ነበር። መዝገቡን ስናገላብጥ ቁጠባዋን አንድም ወር አላጓደለችም። ሆኖም ዋስ የሚሆናት ጠፋ። ያሳሰበን ብሩ አልነበረም፤ ዘፋኝነት ለሴት ልጅ አይሆንም የሚለው ሐሳብ ነበር። ጉዳዩን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳደርነው። እስከዚያው የአርቲስት አስናቀች ወርቁን ሕይወት አብረን እንድናስብ ፈለግን።

አስናቀች በ1927 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ ተወለዱ። እናታቸውን በልጅነታቸው ስላጡ በሰው እጅ አደጉ። በሳንቲሞች የገዙትን ክራር ያስተማራቸው መምህር አልነበረም፤ ሌሎች ሲጫወቱ እያዩ ራሳቸው ለመዱት። በዚያ ዘመን በገና የዳዊት መሣሪያ ተብሎ ሲከበር ክራር የሰይጣን ይባል ነበር። ክራር ይዛ የምትዘፍን ሴት ደግሞ አዝማሪ ትባላለች። አዝማሪ የሙያ ስም ቢሆንም የሚነገረው እንደ ስድብ ነበር።

በቴአትሩም ቤት ቢሆን ለሴት ቦታ አልነበረም። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ለብዙ ጊዜ የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አልነበረም፤ በእንግሊዝም በሼክስፒር ዘመን ሴት ሆነው የሚተውኑት ወንዶች ልጆች ነበሩ። በድርሰቱ ውስጥ እናት አለች፣ ሙሽራ አለች፤ መድረኩ ላይ ግን ሴት የለችም።

አስናቀች በ1940ዎቹ አጋማሽ የፍቅር ጮራ በተባለው ቴአትር መድረክ ላይ ወጡ። በአገራችን በሙያው ቴአትር ከተወኑ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተከፈተ። እሳቸውም በዚያ መድረክ ተዋናይ፣ ዘፋኝ፣ ተወዛዋዥና ክራር ተጫዋች ሆነው ሠሩ። መንግሥት ሲለዋወጥ፣ የቴአትር ቤቱም ስም ሲቀየር ሥራቸው አልተቋረጠም። ግጥም ሲያወርዱ ቀልዱና ቁም ነገሩ አብረው ይመጡ ነበር። ሰው ቲኬት ቆርጦ ገብቶ ያጨበጭብላቸዋል፤ ያው ሰው ግን ልጁ እንደ እሳቸው እንድትሆን አይፈልግም ነበር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ኢትዮጲክስ የተባለው፣ በፈረንሳይ አገር የሚታተመው የሙዚቃ ተከታታይ 16ኛ ቅጹን ለአስናቀች ሰጠ። ያ የተናቀ ክራር በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ተሰማ። አስናቀች መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚያ በኋላ ራሔል ሳሙኤል ስለ ሕይወታቸው አስኒ የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች።

እዚህ ጽሑፍ ላይ አንቱ ብለን የጻፍነው አውቀን ነው። በወጣትነታቸው ያጡት ክብር ነውና።

በሆሳዕናና በዱራሜ ብዙዎቻችን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነን፤ ዓለማዊ ዘፈን የማይስማማን አለን። ሁላችንም አንድ ዓይነት እንድናስብ አንጠይቅም። ነገር ግን ለቆጮና ለቅቤ ንግድ ብድር ስንሰጥ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ቁጠባዋ ሙሉ ነው ወይ? ሥራውን ታውቃለች ወይ? ከምታገኘው ላይ ልትከፍል ትችላለች ወይ? ለዚህችም ልጅ ሌላ አራተኛ ጥያቄ ባንጨምርባት መልካም ነው። በሠርጋችን ዘፋኝ ጠርተን እየከፈልን፣ የራሳችን ልጅ ስትሆን መንገድ ብንዘጋባት ሒሳቡ አይገጥምም።

አስናቀችን ክራር ሲገዙ ዋስ የጠየቃቸው አልነበረም፤ ዋስ ቢያስፈልጋቸው ኖሮ ግን ማን ይቆምላቸው ነበር? በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩ ሲነሣ ይህን እያሰብን እንምጣ።