ኹዋን ግሪስና የቁርሱ ሲኒ

የኩቢስቶችን ሥዕል አይተን ምኑም አልገባን ብለን ዞር ማለት ይቀናናል። የኹዋን ግሪስን ሕይወት ስንመለከት ግን ነገሩ እንዲያው የተዘበራረቀ አለመሆኑ ይታየናል።

ግሪስ በ1887 እ.ኤ.አ. በማድሪድ ተወለደ። እውነተኛ ስሙ ሆሴ ቪክቶሪያኖ ጎንዛሌዝ ነው፤ ግሪስ በአገሩ ቋንቋ ግራጫ ማለት ነው። መጀመሪያ የተማረው የቴክኒክ ንድፍ ነበር። ሥዕሎቹ በማስመሪያ የተለኩ የሚመስሉትም ከዚያ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም። በ1906 ፓሪስ ሄዶ ፒካሶ በሚኖርበት ባቶ ላቯር በተባለ ያረጀ ሕንፃ ገባ። የውትድርና ግዴታውን ሳይወጣ ስለሄደ አገሩን ዳግመኛ አላየም። ለመጽሔቶች የፌዝ ሥዕል እየሠራ የዕለት ጉርሱን ያገኝ ነበር።

በ1914 የሠራው «ቁርስ» የተባለ ሥዕል ዛሬ በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የቡና ዕቃ ነው፤ ሌላ ጉድ የለበትም። ታዲያ ምኑ ያስቸግራል? ጠረጴዛው ከላይ እንደሚታይ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ዕቃው ግን ከጎንም ከላይም ይታያል። እንጨቱን በቀለም ከመሥራት ይልቅ የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት ቆርጦ ለጥፏል። የጋዜጣ ቁራጭም አለ፤ እዚያ ላይ የራሱ ስም ይነበባል። ቀልደኛም ነበር ማለት ነው!

እንዲህ ያለውን ሥዕል ስናነብ በመጀመሪያ የምናውቀውን ምልክት እንፈልግ፦ የሲኒውን ጆሮ፣ የአፉን ክብ። ቀጥለን ሠዓሊው የት ቆሞ አየው ብለን እንጠይቅ። ቦታው አንድ አይደለም። ሰው ሲኒን የሚያውቀው ከአንድ ወንበር ላይ ሆኖ አይቶት ሳይሆን አንስቶ፣ አዙሮ፣ ጠጥቶበት ነው። የአንደኛ ክፍል ልጅም ሲኒ ሲሥል አፉን ድቡልቡል፣ ታቹን ቀጥ ያለ መስመር ያደርገዋል፤ የሚያውቀውን ነዋ የሚሥለው! ይህን አይቶ ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሳ መምህር ሞልቷል። እኛ ክፍል ስንገባ ግን ልጁን ከየት ሆነህ አየኸው ብለን ብንጠይቀው ይሻላል እንላለን።

በዚያው በ1914 ጦርነት ተነሳ። የግሪስን ሥዕሎች የሚገዛው ነጋዴ ካንቫይለር ጀርመናዊ ስለነበረ የፈረንሳይ መንግሥት ንብረቱን ወረሰበት፤ ግሪስም ገቢው ተቋርጦ ተቸገረ። የተወረሱት ሥዕሎች ከ1921 እስከ 1923 በሐራጅ በርካሽ ተቸበቸቡ። ግሪስ ሥራውን አልተወም፤ በ1924 በሶርቦን ስለ ሥዕል ንግግር አደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1927፣ በ40 ዓመቱ በኩላሊት በሽታ ሞተ።