አቡ ዘይድ አልበልኺ፦ ፍርሃትን እንደ ጭጋግ ያየ ዓሊም

በየካ ከሾላ እስከ ኮተቤ የሚኖር ሰው የእንጦጦን የክረምት ጭጋግ ያውቀዋል። ከታች ሆነው ሲያዩት መንገዱን እንደ ግድግዳ የዘጋው ይመስላል፤ ሲገቡበት እርጥብ አየር ብቻ ነው። ከ1,100 ዓመት በፊት ፍርሃትን በዚሁ ምሳሌ ያስረዳ ሙስሊም ዓሊም ነበር። አቡ ዘይድ አሕመድ ኢብን ሰህል አልበልኺ ይባላል፤ አላህ ይዘንለት።

አቡ ዘይድ በ235 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 850) ገደማ ዛሬ አፍጋኒስታን በምትባለው አገር፣ በበልኽ አቅራቢያ ሻሚስቲያን በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ የልጆች አስተማሪ ነበር፤ እርሱም በወጣትነቱ ልጆችን አስተምሯል። ከዚያ ከሐጅ ተጓዦች ጋር በእግሩ ወደ ዒራቅ ሄዶ ከአልኪንዲ ዘንድ ፍልስፍናና ሕክምና ቀሰመ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በካርታ ሥራው ስሙ ገነነ። ገዢው ሚኒስትር ላድርግህ ሲለው እምቢ ብሎ ጸሐፊነትን መረጠ።

አንድ የምንወደው ታሪክ አለ። የኹራሳን አሚር ወደ ቡኻራ አስጠርቶት ጀይሑን ወንዝ ዳር ሲደርስ ማዕበሉን አየ። የተፈለገው ለአስተዋይነቱ ከሆነ ይኸው አስተዋይነቱ ወንዙን እንዳይሻገር እንደሚከለክለው ጽፎ ተመለሰ ይባላል። ፍርሃትን ከኪታብ ብቻ ያወቀ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

መሷሊሑል አብዳን ወል-አንፉስ የተሰኘው ኪታቡ አካልንና ነፍስን አንድ ላይ ያያል። የነፍሱ ክፍል 8 ምዕራፎች አሉት፤ ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን ይዳስሳል። ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት በቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ልቡ በተረጋጋ ሰዓት ለጭንቅ ቀን የሚሆኑ ሐሳቦችን እንዲያዘጋጅ ይመክራል። የሚፈሩትንም ነገር ቀስ በቀስ መለማመድን ያስተምራል። ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ማሊክ በድሪ ይህን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝኛ ሲያሳትሙ ዛሬ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ከሚባለው ሕክምና ጋር ያያያዙት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ያነሳነው የሚጥል በሽታ ስላለባቸው ልጆቻችን ነው። በማስተማር ዘመናችን እንዳየነው ልጁ ወድቆ ይነሳል፤ የማይነሳለት ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ጓደኞቹ ይርቁታል፤ እናቱ ከዓይኗ አታርቀውም፤ በመጨረሻ ትምህርቱም መድረሳውም ይቀራል። አንዱ ክብሪት ለኩሶ ያሸትተዋል፣ ሌላው ይተላለፋል ብሎ ይሸሻል። በሽታው ግን የአንጎል ሕመም ነው፤ በምራቅም በንክኪም አይተላለፍም። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት፤ የንግግር ሕክምናም፣ ሩቅያም አይተኩትም። ዱዓ የምናደርገው መድኃኒቱን እየዋጥን ነው።

የንግግር ሕክምናው ሥራ ፍርሃቱ ላይ ነው። እናት ልጇ ሲወድቅ በጎኑ ማስተኛትን፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግን፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተትን፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል መሮጥን ስታውቅ እጇ አይንቀጠቀጥም። ከዚያ ልጁን ዛሬ እስከ ሱቅ፣ ነገ እስከ መስጂድ፣ ቆይታም እስከ ትምህርት ቤት ትለቀዋለች። ልጁም ጓደኞቹ ሁሉ ይስቁብኛል የሚለውን ሐሳብ ከሐኪሙ ጋር ይመረምረዋል። እንግዲህ የካ ውስጥ ያላችሁ ወላጆች፣ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው የካ ኮተቤ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። የትም ብትታከሙ ክኒኑን ተቀብላችሁ አትውጡ፤ የልጁንም የራሳችሁንም ጭንቀት ንገሯቸው።

አቡ ዘይድ በ322 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 934) አረፈ። የኪታቡ የእጅ ጽሑፍ ኢስታንቡል ውስጥ በአያሶፊያ ስብስብ ተጠብቆ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1984 ፍራንክፈርት ላይ ታተመ።